ሰኔ ድንገተኛ አይደለም፦ በቁርጥ ሥራ የሚኖር ሰው ስንት ይቆጥብ?

ሰኔ አጋማሽ ላይ ስልኬ ላይ የሚበዛው ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ሥራ አለ እንዴ?» ደዋዮቹ ሚያዝያ ላይ እኔ ስፈልጋቸው ሦስት ሳይት ይዘው «ዛሬ አይመቸኝም» ይሉኝ የነበሩ ልጆች ናቸው። በሁለት ወር ውስጥ ምን ተፈጠረ? ምንም አልተፈጠረም። ዝናብ ጀመረ።

የምኖረው ለገዳዲ ነው። ከአያት ወጥታችሁ ለገጣፎን አልፋችሁ ወደ ሰንዳፋ ስትሄዱ ያለው ሰፈር። እንጀራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። ደመወዝ የለኝም፤ ሥራ በቁርጥ እይዛለሁ፣ የእጅ ዋጋዬን እቀበላለሁ፣ ቀጣዩን እፈልጋለሁ። ቀለም ቀቢው፣ ጂፕሰም ሠሪው፣ ሴራሚክ አንጣፊው፣ የሳኒተሪ ባለሙያው ሁሉ ኑሮው እንዲሁ ነው። ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ተብለው አንድ ላይ በተጠቃለሉት ከተሞች የሚሠራው ቤት ሁሉ የሚያልቀው በእኛ እጅ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ጥያቄ ነው፦ በአንድ ሥራና በሚቀጥለው መካከል ላለው ጊዜ ስንት ብር እጃችን ላይ መኖር አለበት?

የገንዘብ ምክር የሚሰጡ ሰዎች መልሳቸው የታወቀ ነው። «ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያኖር ገንዘብ አስቀምጡ» ይላሉ። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ የታሰበው ግን ለደመወዝተኛ ነው። ደመወዝተኛ ሥራ የሚያጣው ምናልባት በአሥር ዓመት አንዴ ነው። እኛ በዓመት አራትና አምስት ጊዜ ሥራ እናጣለን። ሥራ በጨረስን ቁጥር ሥራ አጥ ነን። ስለዚህ የእሱን ቁጥር ወስደን ለራሳችን ብንለካው ልክ አይመጣም።

የእኔ ክርክር ይህ ነው። የኮንትራት ሰው የሚያስፈልገው አንድ ክምር ገንዘብ ሳይሆን ሦስት የተለያየ ኪስ ነው። ብዙዎቻችን የምንወድቀው ሦስቱን ስለምንቀላቅል ነው።

1. የክረምት ስንቅ

ክረምት ድንገተኛ አደጋ አይደለም። ሰኔ በየዓመቱ ይመጣል። መሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ከአስፋልት የወጣው መንገድ ይጨቀያል፣ አሸዋና ብሎክ የጫነው መኪና ሳይት ድረስ አይገባም። አሠሪውም «ከመስከረም በኋላ እንቀጥላለን» ይላል። ከዚህ በላይ የሚያመው ደግሞ ገቢው በሚደርቅበት ሰዓት ወጪው መምጣቱ ነው። የልጆች ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የዘመን መለወጫ በግ ወይም ዶሮ፣ ሁሉም ነሐሴና መስከረም ላይ ይደራረባሉ።

ይህን እያወቅን በየዓመቱ ሐምሌ ላይ «ምን ነካን?» እንላለን። ገበሬው ጎረቤታችን እኮ እንዲህ አይልም። ጥር ላይ የወቃውን እህል እስከሚቀጥለው አዝመራ መብላት እንዳለበት ያውቃል፤ ጎተራ የሠራው ለዚህ ነው። የለገዳዲ ግድብም እዚሁ ዓይናችን ሥር ያለ ትምህርት ነው። በክረምት የሞላውን ውሃ አዲስ አበባ በበጋ ስትጠጣው ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል። የእኛ ወቅት የተገለበጠ ነው፤ ዝናባችን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይዘንባል፣ ድርቃችን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ግድብ ግን የለንም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ተኩት። አንድ ባለሙያ ለረዳቶቹ ከፍሎ፣ ትራንስፖርቱን ችሎ፣ በወር 44,000 ብር ይተርፈዋል እንበል። ጥሩ ገንዘብ ነው። ነገር ግን የሚሠራው 9 ወር ነው። 44,000 በ9 ሲባዛ 396,000 ይሆናል። ይህ ለ12 ወር ሲካፈል 33,000 ነው። የዚህ ሰው ትክክለኛ የወር ገቢ 33,000 ብር ነው፤ 44,000 ነው ብሎ ካሰበና እንደ 44,000 ከኖረ፣ በየወሩ 11,000 ብር ከክረምቱ እየተበደረ ነው። አበዳሪው ራሱ፣ ተበዳሪው ራሱ፣ ከፋዮቹ ግን ልጆቹ ናቸው።

በሥራ ወር 11,000 ብር ለብቻ ቢያስቀምጥ በ9 ወር 99,000 ብር ይሆናል። 99,000 ለሦስት ሲካፈል 33,000 ነው። ክረምቱን በሙሉ ማንንም ሳይለምን እንደ በጋው ይኖራል። ይህ ገንዘብ ቁጠባ ተብሎ መጠራት እንኳ የለበትም። ቀኑ ያልደረሰ ደመወዝ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባዶ መሆን አለበት፤ ባዶ ሲሆንም መደንገጥ አያስፈልግም።

2. መጠባበቂያ

ሁለተኛው ኪስ ለእውነተኛው ድንገተኛ ነገር ነው። በእኛ ሙያ ሁለት ትልልቅ ድንገተኛ ነገሮች አሉ፤ አካልና ክፍያ።

አካልን ማብራራት አያስፈልግም። ከመሰላል የወደቀ ሰው፣ በግራይንደር እጁን የተቆረጠ ሰው፣ ጀርባውን የያዘው ሰው ሁላችንም እናውቃለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለተቀጠረ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ደንግጎለታል። በራሱ የንግድ ኪሳራና የሙያ ኃላፊነት በውል የሚሠራውን ሰው ግን አዋጁ ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም የተሠራው ከደመወዙ 7 በመቶ ለሚቆረጥለትና አሠሪው 11 በመቶ ለሚጨምርለት ሰው ነው። የሥራ አጥነት መድን የሚባል ነገር አገራችን የላትም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ በአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ማዕቀፍ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ገደብ ተጥሎ ነበር። እኛን የሚያሰናብት አልነበረም፤ ዝም ብሎ የሚደውል ሰው ጠፋ።

ክፍያን በተመለከተ ሙያችን ራሱ ወጥመድ አለው። የኤሌክትሪክ ሥራ በሦስት ዙር ነው የሚሠራው። ቱቦው ከልስን በፊት ይቀበራል፤ ሽቦው ከልስን በኋላ ይሳባል፤ ማብሪያ ማጥፊያውና አምፖሉ ከቀለም በኋላ ይገጠማል። ክፍያውም በሦስት ይከፈላል። ስለዚህ እኔ ሥራዬን ብጨርስም ለሳሹ ካልገባ፣ ቀለም ቀቢው ከዘገየ፣ የእኔ ብር ግድግዳው ውስጥ እንደተቀበረ ይቀመጣል። በ2014 ዓ.ም ሲሚንቶ የጠፋ ጊዜ የደረሰብኝ ይኸው ነው። የሁለት ቤት ቱቦ ቀብሬ የልስኑን ሲሚንቶ ስጠብቅ አራት ወር ከግማሽ ቆየሁ። የአንደኛው ቤት ባለቤት በመሃል ገንዘብ አለቀበትና ቤቱን እንዳለ ሸጠው፤ ገዢው «እኔ አንተን አላውቅህም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አያውቀኝም። ውላችን የቃል ነበር።

ያን ጊዜ እጄ ላይ የነበረው የአንድ ወር ወጪ እንኳ አይሞላም ነበር። በሁለተኛው ወር ዲሞሊሽን ማሽኔን ሸጥኩ። በሦስተኛው ወር ባለቤቴ ከእናቷ ተበደረች። ሥራው ሲመለስ ማሽን አልነበረኝምና በቀን ኪራይ እየከፈልኩ ሠራሁ። የሸጥኩትን ለመተካት ከሸጥኩበት ዋጋ እጥፍ ግድም አወጣሁ። ገንዘብ የሌለው ሰው ችግርን የሚገዛው በውድ ዋጋ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ኪስ ስንት ይበቃል? መለኪያው የሚገኘው ከራሳችሁ ታሪክ ነው። ያለፉትን ሦስት ዓመታት አስቡና ክረምትን ሳይጨምር ሳትሠሩ ወይም ሳይከፈላችሁ የቆያችሁበትን ረጅሙን ጊዜ ጻፉ። ለአብዛኞቹ የሙያ ጓደኞቼ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ያዙ። ቤተሰቡ በእናንተ ገቢ ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ ወይም በቤት ውስጥ ቋሚ ሕመምተኛ ካለ፣ አራት አድርጉት። ባለቤታችሁ ደመወዝተኛ ከሆነች ሁለት ሊበቃ ይችላል።

የወሩም ወጪ የሚሰላው በክፉ ቀን አኗኗር ነው። ለምሳሌ፦ ኪራይ 7,000፣ ምግብ 11,000፣ ትምህርት ቤት 2,500፣ ትራንስፖርትና ስልክ 2,000፣ መብራት፣ ውሃና ከሰል 1,000፣ እድርና ልዩ ልዩ 500። ድምሩ 24,000 ብር ነው። ሥጋ የለም፣ ልብስ የለም፣ ድግስ የለም። በሦስት ወር 72,000 ብር።

3. የሥራ ማንቀሳቀሻ

ሦስተኛውን ኪስ መካሪዎቹ ረስተውታል፤ ደመወዝተኛ አያስፈልገውምና። እኛ ግን ሥራ ለመጀመር ገንዘብ እናወጣለን። ቀብድ የማይሰጥ አሠሪ አለ። ረዳት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳቡን ይፈልጋል፤ «ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» ቢሉት ሰኞ አይመጣም፣ ልክም ነው። ሁለት ረዳት በቀን 600 ብር ቢታሰብላቸው፣ በስድስት ቀን 7,200፣ በሁለት ሳምንት 14,400 ብር ነው። የትራንስፖርት፣ የመቁረጫ ዲስክና የጥቃቅን ዕቃ ሲጨመር 20,000 ብር ግድም።

ይህ ገንዘብ የሌለው ባለሙያ ጥሩ ሥራ ሲመጣ መቀበል አይችልም። ወይም ቀብድ ለማግኘት ሲል የእጅ ዋጋውን ይሰብራል። አሠሪ ደግሞ የቸገረውን ሰው ከፊቱ ያውቃል። እንዲያውም የመጠባበቂያ ትልቁ ጥቅም በችግር ጊዜ መብላት ብቻ አይመስለኝም። «በዚህ ዋጋ አልሠራም» ብሎ ወደ ቤት ለመመለስ ያስችላል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ኪስ ሲደመሩ 92,000 ብር ይመጣል። ከላይ ያልነው ሰው በ33,000 ብር ወርኃዊ ገቢ 28,000 እየኖረ 5,000 ቢያስቀምጥ በዓመት 60,000 ይሆናል። በአንድ ዓመት ተኩል ይደርሳል። ሩቅ ነው፣ ግን የሚታይ ሩቅ ነው።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ። አንዱ «ዕቁብ አለኝ» ይላል። ዕቁብ መልካም ነው፤ እኔም ገብቻለሁ። ግን ዕቁብ የሚደርሰው በዕጣ ነው፣ ችግር ደግሞ ዕጣ አይጠብቅም። በመጀመሪያው ዙር የወጣለት ሰው ገንዘብ አላጠራቀመም፤ ተበድሯል። ለክረምት ስንቅ ግን ዕቁብን የመሰለ የለም፦ ጥቅምት ላይ የሚጀምር ዕቁብ ግቡና ዳኛውን አስፈቅዳችሁ፣ ዕጣ ቀድሞ ቢወጣላችሁ እንኳ ከሚቸኩል ሰው ጋር ተለዋውጣችሁ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ውሰዱት።

ሌላው «እድር አለኝ» ይላል። አብዛኛው እድር የሚደርሰው ስንሞት ነው። ለቀብራችን በየወሩ ሳናጎድል እያዋጣን በሕይወት ላለንበት ሐምሌ ምንም አለማዋጣታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሦስተኛው «ብር ባንክ አስቀምጬ እንዲቀልጥ?» ይላል። ይህ ሰው እውነት አለው። የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ በነበረበት በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዶ ነበር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በዶላር የሚለካው ዕቃ ሁሉ፣ የእኛ ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ ጭምር፣ ዋጋው ተወረወረ። ስለዚህ ፌሮ እገዛለሁ፣ ሲሚንቶ አስቀምጣለሁ፣ መሬት እይዛለሁ ይላል። እኔ የምለው፦ ከሦስቱ ኪሶች በላይ ያለውን እንዳሻችሁ አድርጉ። መጠባበቂያ ግን የሚመዘነው በትርፉ አይደለም፣ በደረሰበት ሰዓት ነው። ልጅ ታሞ ሌሊት ሆስፒታል ስትሄዱ ፌሮ ተሸክማችሁ አትሄዱም። ሲሚንቶ በክረምት እርጥበት ይጋገራል። ፌሮም የሚረክሰው እናንተ ለመሸጥ በምትቸኩሉበት በክረምት ነው፣ ያን ጊዜ ማንም አይገነባምና። ንረቱን የምንከላከለው የወር ወጪያችንን በየመስከረሙና በየጥሩ እንደገና በማስላትና ክምሩን በዚያ ልክ በማሳደግ ነው።

መሬትና ቤትን በተመለከተ እዚህ አካባቢ የኖረ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ያጣው መኖሪያውን ብቻ አልነበረም። የዕድሜ ልክ ቁጠባው ግድግዳና ቆርቆሮ ሆኖ ቆሞ ነበርና አብሮ ወደቀ። የማፍረሱ ትክክልነት ሌላ ክርክር ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ያለንን ሁሉ አንድ ቦታ፣ ያውም ካርታ በሌለው ቦታ ላይ ማፍሰስ ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ቤት መሥራት ክፋት የለውም፤ የመጨረሻዋን ብር ቤቱ ውስጥ መቅበር ነው ክፋቱ።

እንግዲህ የእኔ አቀማመጥ ይህን ይመስላል። መጠባበቂያው የኤቲኤም ካርድ በሌለው የባንክ ደብተር፣ የሥራ ማንቀሳቀሻው ቴሌብር ወይም በእጅ ስልክ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ፣ የክረምት ስንቁ በዕቁብ ወይም በሌላ ባንክ። የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ዋስትና ይሰጣልና ሁለቱን ክምር በሁለት ባንክ መክፈሉ በዚያም በኩል ይጠቅማል።

«ከየት አምጥቼ?»

ይህ ጽሑፍ ሲወጣ የመጀመሪያው አስተያየት ይህ እንደሚሆን አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቀን 600 ብር ለሚሠራው ረዳት 92,000 ብር ቀልድ ነው። ለእሱ የምለው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያ ግብህ የሁለት ሳምንት እንጀራ ይሁን። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ማክሰኞ ዕለት ሞባይሉን አይሸጥም። ከዚያ አንድ ወር። ከዚያ በኋላ ይታያል።

ሥራ በቁርጥ ለምንይዘው ግን አንድ ደንብ አለኝ። መቁረጥ ከትርፍ ሳይሆን ከቀብድ ነው። «የተረፈውን አስቀምጣለሁ» ያለ ሰው ሲያስቀምጥ አላየሁም፤ አይተርፍማ። ክፍያ በገባ ቁጥር፣ ቀብድም ሁለተኛ ዙርም የመጨረሻም ቢሆን፣ የእናንተ ከሆነው ድርሻ ላይ በዚያው ዕለት ለክረምት ሩቡን አንሱ። በምሳሌያችን ከ44,000 ላይ 11,000 ማለት እኮ ልክ ሩብ ነው። ለመጠባበቂያው ደግሞ ከአሥር አንድ ጨምሩ።

በኮምፒውተር ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ ወጣቶችም አሉ፤ ዲዛይን፣ ትርጉም፣ ፕሮግራም። ለእነሱ ክረምት የለም፤ ግን ደንበኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። ኪሶቹ ያው ናቸው። የክረምቱን ኪስ ትተው ሁለተኛውን ወደ አምስት ወር ከፍ ቢያደርጉት እመክራለሁ፣ በተለይ ገቢያቸው ከአንድ ደንበኛ ከሆነ።

የማይቆጠብ ነገርም አለ

ሁሉን ነገር በባለሙያው ጫንቃ ላይ ጭኜ ማብቃት አልፈልግም። አሠሪዎች፣ እናንተም ታነባላችሁ። ቤታችሁ ሲያልቅ የምትይዙት የመጨረሻ ክፍያ ለእናንተ የድርድር ጉዳይ ነው፣ ለሠራው ሰው የነሐሴ እንጀራ ነው። በየዙሩ ክፈሉ፤ ውሉን በአንድ ገጽም ቢሆን ጻፉ፤ ቤቱን ብትሸጡ እንኳ ያልተከፈለ የእጅ ዋጋ እንዳለ ለገዢው ንገሩ።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፦ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመምህራንና ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ የተፈቀደ አይደለም። ሠላሳና አርባ ሆነን በየወሩ ብንቆጥብ፣ ክፍያ የዘገየበት ሰው ማሽኑን ከመሸጡ በፊት ከራሱ ማኅበር ሊበደር ይችላል። ለቀብር እንዲህ መደራጀት ከቻልን ለኑሮ መደራጀት አያቅተንም። መንግሥትም ግንባታውን ከቆጠረ ገንቢውን ይቁጠር፤ የጡረታውና የጉዳት ካሳው ሕግ ደመወዝ የሌለውን ሠራተኛ የሚያይበት መስኮት ይክፈት።

እስከዚያ ግን ሰኔ መምጣቱ አይቀርም። ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡና ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ በዓመት ስንት ወር እንደምትሠሩ፣ በክፉ ቀን ቤታችሁ በወር ስንት እንደሚፈልግ፣ ረጅሙ ጥበቃችሁ ስንት ወር እንደነበረ። የእኔ ሦስተኛ ቁጥር አራት ወር ከግማሽ ነው። የእናንተን ከሥር ጻፉልኝ፤ ከየትኛው ሙያ እንደሆናችሁም ጨምሩ።